ጣትሽን ካላነሳሽ

እኔና ባለቤቴ፣ የሰው ፊት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ልብ ለምን ቀስ ብሎ እንደሚመታ እናጠና ነበር። እኔ ትንፋሼን ይዤ ፊቴን ሳፋ ውስጥ እነክራለሁ፤ እሱ በየሠላሳ ሰከንዱ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል፤ ደህና ከሆንኩ ጣቴን አነሳለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ጣትሽን ካላነሳሽ በፀጉርሽ ጎትቼ ነው የማወጣሽ» ይለኝ ነበር።

የእሱ ልብ ኦፕራሲዮን ላይ ቆሞ ከቀረ ሦስት ሳምንቱ ነው። ዛሬ ሥራ ገባሁ። የላቦራቶሪውን በር ከውስጥ ቆለፍኩ፤ የልብ ምት መለኪያ ሽቦዎቹን ደረቴ ላይ ለጣጥፌ ፊቴን ነከርኩ።

ሠላሳ ሰከንድ ሲሞላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ልማድ ሆኖብኝ ጣቴን አነሳሁ።

በስልሳውም መታ መታ አደረገኝ። አሁን ግን ጣቴን አላነሳሁም። ሳንባዬ ሊፈነዳ እስኪደርስ ጠበቅሁት።

አንድ እጅ ፀጉሬ ውስጥ ገባ።