የታጠበው ሸሚዝ

ነፍስ ጠሪዋ እማማ ሶም የዓሣ መረባቸውን አስፋልቱ ላይ እየጎተቱ ነው። በቆሎ የጫነ መኪና ጡሩንባውን እያንባረቀ ሲያልፋቸው ቀና እንኳ አላሉም።

"የልጃችን ነፍሶች፣ ኑ! የራሱ ነይ፣ የእጁ ነይ፣ የጉልበቱ ነይ! ሠላሳ ሁለታችሁም ተሰብሰቡ! ትኩስ ሩዝ አለ፣ እንቁላል አለ፣ እናቱም ይኸው መጥታለች።"

እናቱ ቡዋካም ዘንቢል ታቅፋ መንገዱ ዳር ተንበርክካለች። ልጇ ቱን ከሞተር ብስክሌቱ የወደቀው ከትናንት ወዲያ እዚሁ ነው፤ ደሙን አሸዋ አልብሰውታል። ሐኪም ቤት እንደተኛ ዓይኑን አልገለጠም። ሐኪሞቹ ብዙ አወሩ፤ እሷ የገባት ግን ሲወድቅ በየአካሉ የሚኖሩት ሠላሳ ሁለቱ ነፍሶቹ መበተናቸው፣ ሰብስቦ የሚወስዳቸው ካላገኙም እዚሁ መቅረታቸው ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል፤ እናት ግን ይህን መቼ ሰምታ ታውቃለች።

እማማ ሶም መረቡን አንስተው አዩት። ነፍስ ለመምጣቷ ምልክት ፌንጣ ወይም ጠጠር መግባት ነበረበት።

"ባዶ ነው። ልጅሽ ድሮም ተጠርቶ አይመጣም፤ ነፍሶቹም እንደሱው ናቸው። በይ ሸሚዙን አምጪ፣ ላቡን ሲያሸቱ ይመጣሉ።"

ቡዋካም በሥርዓት የታጠፈ ሰማያዊ ሸሚዝ ከዘንቢሉ አወጣች። አሮጊቷ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

"አጠብሽው እንዴ?"

"ሲወጣ ንጹሕ ይልበስ ብዬ... ሁሉንም ትናንት አጠብኩት።"

"ሁሉንም?"

"አንሶላውንም፣ እማማ። ካልሲውንም።"

"አንቺ ልጅ! ይሄ ይጠፋሻል?" ብለው ጀመሩና ፊቷን ሲያዩ ተዉት። "ይሁን። አንቺው ጥሪው፤ ድምፅሽን ያውቁታል።"

ለንጽሕናዋ ሰፈሩ ሁሉ የሚመሰክርላት ሴት ሸሚዙን መረቡ ውስጥ ከትታ ትጎትት ጀመር።

"ቱንዬ! ና እንጂ! ልብስህ እኮ ነው! ሙት፣ ያንተው ነው!"

ዘንቢሉ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። እማማ ሶም አነሱት፤ ሐኪም ቤት ያለው ባሏ ነው። "እሺ... አይዞህ ልጄ" ብቻ ብለው ዘጉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው መረቡን ከእጇ ያዙ።

"በቃ፣ ልጄ። ልቀቂው።"

ቡዋካም መረቡን ለቀቀችና ሸሚዙን አወጣች። ብብቱን ፈልጋ አፍንጫዋን ቀበረችበት። ቀጥላ አንገትጌውን አሸተተች፣ እጅጌውን አሸተተች።

ሳሙና ሳሙና ይሸታል።