የአስካለ ሸክላ

መንክር የሟች ሚስቱን የአስካለን ድምፅ አጥርቶ ለመስማት ብሎ ለሸክላ ማጫወቻው አዲስ መርፌ ከዱባይ አስመጣ። አስካለ በሕይወቷ ዘፍና ያስቀረጸችው አንድ ሸክላ ብቻ ነበር፤ ሌላ ቅጂም የለው። አሮጌው መርፌ እየዘለለ ስላስቸገረ፣ መርፌውን የያዘው የማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ ሃምሳ ሳንቲም ተጭኖበት ነበር የሚሰማው። ሳንቲሙን በየእሑዱ የምትጭንለት አሁን ያለችው ሚስቱ ሽታዬ ናት።

አዲሱን መርፌ ገጥሞ ሸክላውን ሲያዞረው የአስካለ ትንፋሽ ሳይቀር ተሰማ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ሽታዬ፣ እዚህ ከጎኔ የተቀመጠች አይመስልም?»

ከጎኑ የተቀመጠችው ሽታዬ ነበረች። «ይመስላል» አለችው።

«በይ ጓደኞቼን ልጥራና ይስሙልኝ። አደራሽን፣ እንደ ድሮው ሳንቲም እንዳትጭኚበት! ይቺ መርፌ ስስ ናት፤ ክብደት ካረፈባት ሸክላውን እንደ ማረሻ ነው የምታርሰው።»

«ምን ቆርጦኝ!»

እሱ ወጣ። ሽታዬ ከመሳቢያው ሃምሳ ሳንቲሙን አወጣች። ትንሽ አሰበችና ሌላ ሁለት ደረበችበት። ከዚያ ዘፈኑ ሲያልቅ ከመጀመሪያው እየመለሰች ስታጫውተው ዋለች።

ጓደኞቹ መጥተው ሶፋው ላይ ሲደረደሩ ሳንቲሞቹ መሳቢያቸው ገብተዋል። መንክር ሁሉንም ዝም አሰኝቶ መርፌዋን በቀስታ አሳረፋት። የጋለ ዘይት ላይ ውሃ እንደተደፋ ተንጣጣ እንጂ የሰው ድምፅ የለም። አንስቶ እንደገና አሳረፋት፤ ያው ነው።

ሽታዬ የሻይ ትሪውን አስቀምጣ ከጎኑ ቁጭ አለችና እጁን ያዘችው።

«አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ አይደል?»