ግራ ጉንጩ

ማጅራት ገትሩ ባሏን ሲለቀው ጓዙን ጠቅልሎ አልሄደም። የአንጎሉን የደም ሥሮች አሳብጦ፣ በግራው በኩል ያለውን ሁሉ እንዳያይ አድርጎት ቀረ። ሐኪሙ «ታገሺው» አላት፤ እሱ ምን አለበት! ጠዋት ጠዋት ባሏ ቀኝ ጉንጩን ብቻ ተላጭቶ «ጨረስኩ» ይላል፤ ግራውን እየተነጫነጨች የምትላጭለት እሷ ናት።

ዛሬም ሲዘገይባት «ኧረ በናትህ፣ ከሥራ ልቀር ነው!» ብላ የመታጠቢያ ቤቱን በር በረገደችው። ባሏ ባዶ እጁን መስታወቱ ፊት ቆሟል። ቀኝ ጉንጩ አረፋ እንደለበሰ ነው። ግራው ግን ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል፤ ስትነካው ገና እርጥብ ነው። ቤት ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም።

«ማን ላጨህ?»

«እኔ መች ጀመርኩና!» አላት ተበሳጭቶ። «ይሄ ሰውዬ ምላጩን አልለቅልህም አለኝ እኮ!»