አንድዬ

ሰው ፊት መለየትን ለመረጃ ቋት አስረክቦ ከተገላገለ ወዲህ፣ እናት እንኳ ጆሮዋ ላይ ያለችው ጉትቻ ካልነገረቻት ልጇን አታውቅም።

የቋቱ ባለሙያ ትርሲት ግን አንጀቷ አርሯል። ማን እንደመጣ ለእናቷ ጉትቻ የሚነግረው ፕሮሲጀር፣ ማለትም የቋቱ የትእዛዝ ዝርዝር፣ ስም መመለስ ሲገባው የልጅ ተራ ቁጥር ይመልሳል። እናቷ ወይዘሮ አመለወርቅም በር በከፈቱ ቁጥር «አንድዬ፣ መጣሽልኝ?» ይላሉ።

«እማዬ፣ ትርሲት ነኝ እኮ።»

«እኔ ምን አውቄ? ጉትቻዬ አንድ ናት አለችኝ። አንድዬ ነሽ።»

የወለዷት እናት በቁጥር ሲጠሯት መስማት መረራት። ዛሬ ምሳዋን ሳትበላ ከፕሮሲጀሩ ጋር ስትተናነቅ ዋለች። በመጨረሻ የሚመልሰው መረጃ ዓይነት «ቁጥር» ተብሎ የተጻፈበትን መስመር አገኘችና «ጽሑፍ» ብላ ለወጠችው። ከዚያ እየተጣደፈች እናቷ ቤት ሄዳ አንኳኳች።

ወይዘሮ አመለወርቅ በሩን ገርበብ አድርገው ጉትቻቸውን አዳመጡ፤ ስም ነገረቻቸው እንጂ ልጅዎ ናት አላለቻቸውም።

«ወይዘሪት ትርሲት ባልቻ» አሉ በትሕትና። «እንደምን ዋሉ? ማንን ፈልገው ነው?»

ትርሲት እዚያው ደጃፉ ላይ ኮምፒውተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። «ጽሑፍ» የሚለውን አጥፍታ «ቁጥር» ብላ መለሰችው። ከዚያ በሩን እንደገና አንኳኳች።