የአዞው ልጅና ቀይዋ እስፒል

«አቁም! አቁም እዚህ ጋ!»

አቶ ሃልቨርሰን ከኋላ ወንበር ጮኹ።

መሪውን የያዘው ትሬቨር ላብ አጠመቀው...

ከፊታቸው፣ በአሮጌው መንገድ 66 ዳር፣ አፉን የበረገደ የሲሚንቶ አዞ ተጋድሟል። አውቶቡስ የሚያክል! ወንዝ በሌለበት የኦክላሆማ ሜዳ ላይ!

አጠገቡ ደግሞ የአዞ ልብስ የለበሰ ሰው ቆሞ ለሚያልፈው መኪና ሁሉ እጁን ያውለበልባል።

ትሬቨር ሰውየውን ያውቀዋል...

አባቱ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ትሬቨር ለእጮኛው ለኬልሲም፣ ለአባቷ ለአቶ ሃልቨርሰንም «አባቴ ሞቷል» ብሏቸዋል። ይባስ ብሎ «ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር» ብሎ ጨምሮበታል። ውሸት አንዴ ከተጀመረ መች ይቆማል!

ሠርጉ ቅዳሜ ሳንታ ፌ ነው፤ ሦስቱም ወደዚያው እየሄዱ ነው። በአሮጌው መንገድ እየተዝናናን እንሂድ ያሉት ደግሞ አቶ ሃልቨርሰን ናቸው።

«ይቅርብን እባክዎ፣ የልጆች ነገር ነው» አለ ትሬቨር።

«ታዲያ እኔ ምን አረጀሁ? አቁም አልኩህ!»

አቆመ። ምን ያድርግ...

ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ስሙ «የአዞው ልጅ» ነበር። ሲያለቅስ እንኳ «አይ የአዞ እንባ!» እያሉ ይስቁበታል። ከዚያች ከተማ የወጣ ቀን ዞር ብሎ አላያትም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ!» አለ አዞው እየተንገዳገደ ሲመጣ። «አይዟችሁ፣ ምሳውን በልቷል፣ ዛሬ አይነክስም!»

ይቺን ቀልድ ትሬቨር በቃሉ ያውቃታል።

አዞው ድንገት ቆመ። የጨርቅ ጭንቅላቱ ወደ ትሬቨር ዞረ። አለቀልኝ፣ አሁን በስሜ ሊጠራኝ ነው፣ አለ ትሬቨር በልቡ...

«እርስዎስ ጌታዬ፣ ከየት ነው የመጡት?»

እርስዎ!

የገዛ አባቱ «እርስዎ» አለው!

ትሬቨር ግን... እፎይ አለ። የሚያሳፍረው ደግሞ ይሄ እፎይታው ነው።

«ከቺካጎ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ወደ ትንሿ ሱቅ ገቡ። ግድግዳውን የሞላ ካርታ አለ፤ መንገደኛ ሁሉ የመጣበት ከተማ ላይ እስፒል ይሰካል። ደንቡ ይኼ ነው። ትሬቨር በልጅነቱ እኔም ልስካ ሲል አባቱ እጁን ይዞ «እስፒል የሚሰካው አላፊ አግዳሚው ነው። አንተ የዚህ ቤት ነህ» ይለው ነበር።

ኬልሲ ሰካች። አባቷም ሰኩ።

አዞው የእስፒሉን ሳጥን ለትሬቨር ዘረጋለት።

«ካልፈለጉ ግዴታ የለም፣ ጌታዬ...»

ትሬቨር ኬልሲን አየ። የነገ አማቱን አየ።

አንዲት ቀይ እስፒል አንስቶ... ቺካጎ ላይ ሰካት።



«እናመሰግናለን» አለ አዞው። «መልካም መንገድ።»

ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ጥቂት እንደሄዱ አቶ ሃልቨርሰን «አቁም» አሉ። አሁን አይስቁም።

«ባለፈው ወር ብቻዬን መጥቼ ነበር። አንድ ቀን የተወለድክባት ከተማ ስም ከአፍህ አምልጦሃል። ከሠርጉ በፊት አባትህ መቃብር ላይ አበባ ላኑር ብዬ...»

ትሬቨር ሞተሩን አጠፋ።

«ነዳጅ ማደያው ጋ ያለችውን ሴትዮ የአባትህ የዴልበርት ፕሩዊት መቃብር የት ነው ብላት በሳቅ ፈረሰች! ‹መቃብሩን? ያውልዎት፣ ለመኪና እጁን እያውለበለበ!› አለችኝ።»

ኬልሲ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እሷም ታውቃለች።

«ሄጄ ለሠርጉ ጠራሁት። ምን አለኝ መሰለህ? ‹ሞቷል ካለ ምክንያት ይኖረዋል፤ ልጄን አላሳፍርም። ብቻ በዚህ በኩል አምጡልኝ። እስፒሉን እምቢ ካለ ጭንብሉን አውልቄ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ከሰካ ግን... አደራ፣ ምንም ሳትነግሩት እለፉ።›»

ወደ መጡበት መንገድ ዞረው አዩ።

«ይኸው አደራ በላሁ። ማለፍ አቃተኝ።»

ትሬቨር መኪናዋን እንዴት እንዳዞራት አያውቅም።

ሱቁ ክፍት ነው። የአዞው ጭንቅላት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አባቱ ልብሱን ሊያወልቅ ሲታገል የጀርባው ዚፕ ወገቡ ላይ ተይዞበታል።

ከሥሩ... ጥቁር ሱፍ። ነጭ ሸሚዝ። ክራቫት።

በዚያ የሐምሌ ሐሩር፣ በዚያ ወፍራም ጨርቅ ውስጥ፣ ለልጁ ሠርግ ለብሶ ነበር የጠበቀው! ሸሚዙ በላብ ርሶ ገላው ላይ ተጣብቋል።

«አባዬ...»

ሽማግሌው ደንግጦ ክራቫቱን በእጁ ሸፈነ። አስቡት፣ ያፈረው እሱ ነው!

ትሬቨር ወደ ካርታው ሄዶ ቀይዋን እስፒል ነቀላት።

«ነቀልኳት፣ አባዬ...»

አባቱ መጥቶ ቦታዋን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«ነቅለሃታል። ቀዳዳዋ ግን አለች።»

ትሬቨር አንገቱን ደፋ።

«እሺ፣ ልምጣ ብልህስ» አለ አባቱ ቀስ ብሎ፣ «ለሰው ማነው ብለህ ነው የምታስተዋውቀኝ?»

«አንተን አይደለም የማስተዋውቀው። ራሴን ነው። የአዞው ልጅ ነኝ እላለሁ።»

አባቱ ጀርባውን አዞረለት።

«በል ና ይቺን ዚፕ ሳብልኝ፣ አንተ ልጅ።»

አንተ አለው። ትሬቨር ዚፑን እየሳበ ተንሰቀሰቀ፤ የዛሬው ግን የአዞ እንባ አልነበረም።

ወዳጆቼ... ያፈርንበት የወላጅ ሥራ እኛኑ ያበላ ያጠጣ ሥራ ነው። ይቅርታ እስፒሏን ይነቅላል፣ ቀዳዳዋን ግን አይደፍንም። ስለዚህ ከመስካታችን በፊት እናስብ!

እናንተ አባትየውን ብትሆኑ ቅዳሜ ሠርጉ ላይ ትገኙ ነበር... ወይስ ትቀሩ ነበር? ከልባችሁ ጻፉልኝ 👇