ቆሟል ያለችው

«አውሎ ነፋሱ ቆሟል አባዬ፣ አትውረድ!» አለች ትሪና። ነፋሱ የፒካፑን በር ከእጇ ሊነጥቃት ይታገላታል፤ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ወትፋዋለች። «ባለበት ቀጥ ብሏል። ትንሽ ይሽከረከርና እዚያው ይሞታል። አንተ እራትህን ብላ።»

«ሳይረኑ ግን ጆሮዬን በጠሰው እኮ» አሉ አባቷ ኦርቪል። «ልውረድ ወይስ ልተወው?»

«ተወው። ሳይረኑ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል?»

«አንቺ ካልሽ አለቀ። ይሄ ጉልበቴ እንደሆነ የምድር ቤቱን ደረጃ ገና ሳስበው ነው የሚያመኝ።» ሳቁና ዘጉት።

ካንሳስ ላይ ግንቦት ከገባ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን የማይጮህበት ሳምንት የለም። ኦርቪልም በሳይረን መደንገጥ ከተዉ ቆይተዋል። የሚያምኑት ልጃቸውን ብቻ ነው፤ ትሪና ውረድ ካለች ከመሬት በታች ወዳለው መጠለያ ይወርዳሉ፣ አትውረድ ካለች በረንዳቸው ላይ ቁጭ ይላሉ። ማን እንደሷ? አውሎ ነፋስ ስታሳድድ የኖረች ናት። እሷ ደመናውን እያነበበች ትነዳለች፣ ባልደረባዋ ዌንደል ፎቶ ያነሳል።

ዌንደል ከስንዴው ዳር ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቁሞ በደስታ ሊሞት ነው። «ኧረ ነይ እዪው! ቅድም ወደ ቀኝ እየሸሸ አንገቴን ሊቀጨው ነበር፤ አሁን ካሜራዬን ንክች አላደረግኩትም። እንደ ሙሽራ ፊት ለፊቴ ቆሞልኛል!»

እውነትም የቆመ ይመስላል። ከደመናው እስከ መሬት የወረደው ጥቁር ግንድ ከካሜራው መሀል ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይልም። ትሪናም ቆሟል ያለችው ይህንኑ አይታ ነው።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ፎቶ ልከዋል። ቤታቸው ከአውሎ ነፋሱ ማዶ ስለሆነ ከበረንዳቸው ሆነው ነው ያነሱት፤ የጎረቤታቸው የሆይት ነጭ የእህል ጎተራ ከፊት፣ ጥቁሩ ግንድ ከኋላ። «በኛም በኩል ቆሟል» ይላል ከሥሩ። «ፎቶ አንሺ ያ ጓደኛሽ ብቻ መሰለው እንዴ?»

ትሪና ሳቀች። ሰው የሚሸሸውን ታሳድጃለሽ፣ ምን ዓይነት እብደት ነው ሲሏት የኖሩ ሰውዬ ዛሬ ፎቶ አንሺ ሆነው አረፉት። ለዌንደል ላሳየው ስትል ሁለተኛው ፎቶ ገባ።

ሁለተኛው ላይ ጎተራው የለም።

ቦታ ቀይረው ይሆናል አለች በሆዷ። የበረንዳውን አጥር አየች፤ ያው ነው። ከበሩ ላይ ያለውን የፖስታ ሳጥን አየች፤ እሱም ያው ነው። ጎተራው ብቻ የለም፤ በቦታው ጥቁሩ ግንድ ወፍሮ ቆሟል።

«ዌንደል! ቆመልኝ ካልክ ወዲህ መጀመሪያ ያነሳኸውን አሳየኝ!»

«ምን ሆንሽ?»

«አሳየኝ አልኩህ!»

አሳያት። ያኔ ያነሳው ወፍራም ነው፣ አሁን ያነሳው ቀጭን።

«አልቆመም» አለች፤ ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት። «ወደ ጎን መሄዱን ተወ እንጂ አልቆመም። ከኛ በቀጥታ እየራቀ ነው፤ ለዚህ ነው ከመሀል ንቅንቅ የማይለው። ለአባዬም የቆመ የሚመስለው በቀጥታ እየመጣበት ስለሆነ ነው!»

«ራዳሩ ላይ ግን…»

«ራዳሩ ከደቂቃዎች በፊት የነበረውን ነው የሚያሳይህ! ይሄንን ለጀማሪ ሁሉ የምናስተምረው እኛ አይደለንም?»

ደወለች። ኔትወርክ የለም። ደገመች። የለም። «ውረድ» ብላ ጻፈች፤ አልሄደም። «ውረድ አባዬ ውረድ» ብላ ጻፈች፤ እሱም አልሄደም። እሷ ስልኩን ስላልለቀቀች ዌንደል ካሜራውን ከነማቆሚያው እዚያው ትቶ መሪውን ራሱ ጨበጠ።

ከአስፋልቱ እንደወጡ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ጠበቃቸው። ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፣ ፒካፑ ወደ ቦዩ ይንሸራተታል፣ ዌንደል ይሳደባል። ትሪና ዳሽቦርዱን በጡጫ ትደበድባለች።

«ንዳው! በናትህ ንዳው!»

«እየነዳሁ ነው ትሪና! ጭቃው እኮ ነው!»

«ሊወርድ ነበር እኮ። ልውረድ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር እኮ! ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!»

«ድምፁን ሰምተው ወርደው ይሆናል።»

«እሱ የሚሰማው እኔን ነው!» አለችና አለቀሰች።

ስልኩ ጮኸ። ከፈተችው። ሌላ ፎቶ ነው፤ ኔትወርኩ ከላይ ወደ ታች በጥቂት በጥቂቱ ያወርደዋል። መጀመሪያ ጥቁር መጣ። ቀጥሎም ጥቁር። ሰማይ የለም፣ ሜዳ የለም። ከዚያ የኦርቪል ባርኔጣ መጣ፣ ነፋሱ እንዳይወስደው የያዙበት እጃቸው መጣ፣ ከዚያ ፊታቸው። ስልኩን ወደ ራሳቸው አዙረውት ነው። ለልጃቸው ብለው ከአውሎ ነፋሱ ጋር ፎቶ ተነሥተዋል፤ ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ ፈገግ ብለው።

«ዙር» አለች ትሪና፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ። «አባዬ፣ ዙር።»