ፕላስተሩ ቃሉን ሰጠ

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ በደብረ ብርሃን ችሎት በሞት ጉዳይ ሰው አይመሰክርም። የሚመሰክረው ከሟቹ ገላ የተላጠው የሕመም ማስታገሻ ፕላስተር ነው።

የአቶ ደምሰው ፕላስተር በብርጭቆ ሣህን ላይ ሆኖ ተናገረ። "ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀርባው ጋለ። በሙቀቱ ምክንያት መድኃኒቱ ከልክ በላይ ወደ ሰውነቱ ገባ። አሥር ሰዓት ላይ ትንፋሹ ቆመ።"

"ምን አድርገውለት ነበር እማማ?" አለ የፕላስተሩ አምራች ጠበቃ፣ "ፕላስተሩ ባሌን ገደለብኝ" ብለው አምራቹን ወደከሰሱት ወደ ወይዘሮ አትጠገብ ዞሮ።

"በረደኝ አለኝ። ፍል ውኃ በጠርሙስ ሞልቼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ ከጀርባው ሥር አደረግኩለት። አርባ ዓመት ሙሉ ሲበርደው የማደርገው ይህንኑ ነው።"

"እንግዲህ የገደለው የእርስዎ እጅ ነው። ክሱን ትቻለሁ ብለው እዚህ ላይ ይፈርሙ፤ እኛም አንከስዎትም።"

ወይዘሮ አትጠገብ ወረቀቱን አልነኩም። ሕጉ ለከሳሽ አንድ ጥያቄ ይፈቅዳል፤ ወደ ሣህኑ ዞሩ።

"አንተ! መጋሉን ያኔውኑ ካወቅህ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ ለምን አልነገርከኝም?"

"አምራቹ ድምፅ የሰጠኝ ለችሎት ብቻ ነው። በታማሚ ቤት እንዳልናገር አድርጎ ነው የሠራኝ።"

ጠበቃው ብድግ አለ። "ክብርት ዳኛ፣ ይህ ይሰረዝልኝ!"

"የምስክር ቃል አይሰረዝም፤" አሉ ዳኛዋ። "ክሱ ይቀጥላል።"

ከኋላ የተቀመጡ ጎረቤቶች እልል አሉ። አንዷ "እሰይ አትጠገብዬ፣ አፉን አስያዝሽው!" ብላ ትከሻቸውን ያዘች።

ወይዘሮ አትጠገብ ግን ዓይናቸውን ከሣህኑ አላነሡም።

"አንዲት ቃል ቢተነፍስልኝ እኮ" አሉ፣ "ጠርሙሱን አነሣው ነበር።"